ቦራ በየት በኩል ይጠመድ ነበር?

ባለፈው እሁድ ደብረ ታቦር ጠላ ቤት ተቀምጠን፣ አንድ የቅኔ ተማሪ ወደ ጋፋት መድፍ ማቅለጫ ጭስ እያመለከተ፣ እውነት ማለት እንደ ብረት ነው አለን፤ ጉልበት ያለው አቅልጦ በፈለገው ቅርጽ ያፈሰዋል። እኔ ዳዊት ሳልደግም ከተማሪ ቤት የጠፋሁ ነኝ፤ በአፍ ግን ማን ይችለኛል፤ የቦራን ነገር አነሳሁበት።

ቦራ የእናቴ በሬ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ጢሜ ገና ሳያቀመቅም አባቴ ሞተ፤ ለእናቴ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀች ታሳርስ ነበር። ከበረት ጠፋና ማሳችን ጦሙን አደረ። በዓመቱ፣ በግንቦት ማለቂያ፣ ደመናው ጉና ላይ ሲከመር አንበሳሜ ገበያ ላይ አየሁት። የያዘው አያ ቢሰውር የሚባል ጎልማሳ፣ ጥጃ ሆኖ እቤቴ ያደገ ነው ብሎ ደረቀ። እኔም ባልረታው ፈረስ እሰጣለሁ ብዬ ተወራረድኩ። ፈረስ ቀርቶ የፈረስ ጭራ አልነበረኝም።

እንደ ደንቡ የጋቢያችንን ጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ አድርገው ወደ ደብረ ታቦር ዳኛ ሰደዱን። በሬውን አንድ ወታደር ከፊት ይነዳዋል። አያ ቢሰውር ውሃ ሊጠጣ ሲጎነበስ እኔም እጎነበሳለሁ፤ በሶውን ሲበጠብጥ ሽታው አፍንጫዬ ስር ነው።

"አያ ቢሰውር፣ ከሚስትም ጋር እንዲህ አልጣበቅ" አልኩት።

አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንተ ልጅ፣ አፍህ ከሞፈር ይረዝማል" አለኝ። "በሬ ግን ዓመት ያረሰበትን ቤት ነው የሚያውቅ። የናንተን ረስቶታል።"

ሌባነቱን በጆሮዬ ነገረኝ። የሰማው ግን ያ የተቋጠረ ጋቢ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳኛው ጋ እስክንደርስ ቀልድ ከአፌ ጠፋ።

ከዳኛው ፊት የእሱ ጎረቤቶች ለእሱ፣ የእኛም ለእኛ ማሉ። እኔ ተረትና ምሳሌ ደረደርኩ፣ ሰዉን አሳቅሁ፤ ዳኛው ግን ፊታቸው አልተፈታም። መጨረሻ ላይ፣ "ምስክር ከምስክር እኩል ሆነ፤ በሬው ይጠየቅ" አሉ። በየት በኩል እንደሚጠመድ ለየብቻ በጆሯቸው አስነገሩን። እሱ በቀኝ አለ፣ እኔ በግራ። አባቴ በግራ እንዳለመደው አውቃለሁ፤ ግን ዓመት ሙሉ በቀኝ አርሶስ እንደሆነ?

ሁለት ሰዎች ቀንበሩን ከፍ አድርገው ያዙ። ማንም እንዳይጠራው ተባለና ቦራ ተለቀቀ። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። አያ ቢሰውር ትንፋሹን ሲለቅ በጋቢው በኩል ተሰማኝ። እናቴ ከሰዉ መሃል ነጠላዋን በአፏ ነክሳለች። ቦራ የቀንበሩን ጫፍ አሸተተ፣ ቆመ። ከዚያ ዞሮ በግራ በኩል ገባና አንገቱን ዝቅ አድርጎ እስኪጠመድ ጠበቀ።

ዳኛው ቋጠሮውን አስፈቱ። ሰኔ ሲገባ ማሳችን ታረሰ።

ይህን ስጨርስ ተማሪው ዋንጫውን አስቀምጦ፣ "ወደ ቀኝ ገብቶ ቢሆንስ?" አለኝ።

"ያን ጊዜም የእናቴ በሬ ነበር" አልኩት። "እኛ ላይ ይፈረድብን ነበር እንጂ። እናቴ እያለቀሰች ትገባለች፣ እኔ የሌለኝን ፈረስ እከፍላለሁ፤ ቦራም የእናቴ በሬ ሆኖ ሳለ ለሰው ያርስ ነበር።"