ጾም የማያውቅ መድኃኒት

ይህ የሆነው ዘንድሮ በዐቢይ ጾም፣ ከቢቸና ሞጣ ለተማሪዎች የሳይንስ ውድድር በሄድንበት ቀን ነው። መጻፍ ደስ እያለኝ የመጣው በቅርቡ ነው፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ይኼው ነው።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ስኳር በሽታ ስለነበረባቸው ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። የታመመ የንስሐ ልጃቸውን «ብላ፣ ፈትቼሃለሁ» ይሉታል፤ እሳቸውን ግን የሚፈታቸው አልነበረም። «ይኼ መድኃኒት እኮ ጾም አያውቅም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ተወግተው ሳይበሉ ስኳራቸው ከወረደ ብዬ ከረሜላ ከኪሴ አይጠፋም ነበር።

ባለፈው ፍልሰታ ተወግተው፣ እህል ሳይቀምሱ ቅዳሴ ገቡ። መቅደስ ውስጥ ወደቁ። ሴት እዚያ አትገባም፤ እኔ ከነከረሜላዬ በሴቶች በኩል ቆሜ ነበር። ተሸክመው ሲያወጧቸው አልፈዋል።

ኀዘኑ ሳይወጣልኝ የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ ሃይድሮጄል ነገረን። ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ እንደ ጄሊ ያለ ነገር ነው። ሰውነት ውስጥ ተተክሎ መድኃኒት ይዞ ይቆይና ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይለቃል፤ ለሰው እንዲሆን ገና እየተሞከረ ነው አለን። ለካ ተው ሲሉት የሚጠብቅ መድኃኒትም ይታሰባል! እኔም ለውድድሩ ዳይፐር ቀድጄ፣ ውስጡ ያለውን ይህንኑ የሚያብጥ ዱቄት በብዕር ቀለም አራስኩት። ባትሪ ድንጋይ ሳገናኝበት ኩምትር እያለ ቀለሙን ይተፋል።

ሞጣ ስንደርስ ልጆቹ ዳይፐሩን አይተው «አራሷ መጣች!» እያሉ ሳቁብኝ። የልጅ ልጃቸውን ሥራ ሊያዩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ግን ፊቴ ቆሙ።

«ይኼ የሕፃን ጨርቅ ምን ያደርጋል፣ ልጄ?»

አስረዳኋቸው።

«እኔንም ይዞኝ የለ ይኼ ስኳር! ለእኔስ አይተክሉልኝም?»

«ገና ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ እስኪደርስ በመርፌው ነዋ! ዛሬም ተወግቼ ነው የመጣሁ።»

ሳቁ። ሽቦውን ልንካው ብለው ሲዘረጉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያንን ላብ ከአባቴ አውቀዋለሁ።

«አባ፣ እህል ቀምሰዋል?»

«በጾም? ገና ቅዳሴ አለብኝ እኮ!»

ከረሜላውን አወጣሁ። «ይቅመሱ፣ አባ።»

«ተይ አንቺ ልጅ! ቄስ ነኝ።»

«አባቴም ቄስ ነበሩ» አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

ትክ ብለው አዩኝ። «ነበሩ አልሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

አማተቡና ጎረሱት። መምህራችን ሮጦ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣላቸው። እጃቸው ጸጥ እስኪል አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የዛሬውን ቅዳሴ ሌላ ይግባልኝ» አሉ፤ ከዚያ የአባቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። በጸሎት ሊያስቧቸው ነው።

ያ ከረሜላ አባቴ የወደቁ ዕለት ኪሴ የነበረው ነው። መጣል አቅቶኝ ይዤው ስዞር ነበር። ለሰው በመድረሱ ደስ ይለኛል፤ ይኼው ለእናንተም ጻፍኩት። አሁንም ግን ቤተ ክርስቲያን ስቆም እጄ ሳላስበው ኪሴ ይገባል። ባዶ ነው። አባባ የሌሉ መሆኑ የሚገባኝ ያኔ ነው።