ማልት ነው ያልኩት ጥቁር ቢራ

አባቴ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚቀምሰው ሁሉ አመድ አመድ ይለው ነበር። የዓሣ ሾርባ ሠራንለት፣ አመድ። አጥሚት፣ አመድ። እናቴ ቡሹሎ ካሉት ዘመዶቿ ዘንድ ቆጮ አስመጥታ በቅቤ ለውሳ አቀረበችለት፤ ድሮ ቢሆን ሳህኑን ከእጃችን ነጥቆ የሚጨርሰውን ምግብ ማለት ነው። አንዴ ጎረሰና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ሳህኑን መልሳ ወሰደችው።

ሐኪሞቹ «ቤት ውሰዱትና ያማረውን ስጡት» ብለውን ነበር። ይህ ቃል ለሚድን ሰው አይባልም። እኔም እናቴም ገብቶናል፣ ግን እንዳልገባን ሆነን በባጃጅ ተሳፍረን ወላጆቼ ቤት ገባን፤ እኔም ላስታምመው እዚያው ሰነበትኩ። ያማረው ነገር ቢኖር እኮ ደግ ነበር። የሚያምረው ጠፋ እንጂ! ጠዋት «ምን ላምጣልህ አባዬ?» እለዋለሁ፤ «ምንም» ይለኛል። ማታም «ምንም»። አንዳንዴ ከጭንቀቴ ብዛት ተቆጣሁት፤ የታመመ ሰው ይቆጡታል እንዴ? እኔ ተቆጣሁ።

ሥራዬ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪ ነኝ። እንግዳ ጥሎት የሄደ ዕቃ መጀመሪያ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሲጠየቅ «ተዉት፣ አልፈልገውም» ካለ ሠራተኛው ይካፈለዋል። ሻምፑ፣ ነጠላ ጫማ፣ ተጀምሮ የተተወ ብስኩት፤ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ማሽን ሊተክል መጥቶ እኛ ጋ የከረመ አንድ ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ሄደና ፍሪጁ ውስጥ አራት ትንንሽ ጥቁር ጠርሙሶች ተገኙ። «ውሰዷቸው» ብሎ ላከ። ሌሎቹ የአባቴን ነገር ያውቁ ስለነበር ለእኔ ተዉልኝ።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ እንኳን አልነበረም፤ ፊደሎቹ አናት ላይ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ምን እንደሚሉ የማይታወቅ። ሥዕሉ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ቀያይ እንጆሪዎችና አንድ ቁራሽ ቸኮላት። እኛ ቤት ቢራ ገብቶ አያውቅም። ለእኛ በጠርሙስ የሚመጣ ጥቁር ነገር ማልት ነው። ሠርግ ላይ ማልት፣ ምርቃት ላይ ማልት፣ የጸሎት እንግዳ ሲመጣ ማልት። እንጆሪና ቸኮላት የተሣለበትን ጠርሙስ ማን ቢራ ነው ብሎ ይጠረጥራል? «ይሄስ የልጅ ነገር ነው፣ ይጣፍጠዋል» ብዬ ደስ እያለኝ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁለት። ጥቁርነቱ ከማልትም ይብሳል፤ አረፋው ደግሞ የማኪያቶ ዓይነት ቡኒ ነው። አንገቱን ደግፌ አጠጣሁት። አንድ ጉንጭ ወሰደና አፉ ውስጥ አቆየው። ዓይኑን ጨፈነ። ሊተፋው ነው ብዬ ፎጣ አዘጋጀሁ። ዋጠው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ማልት ነው አባዬ፣ የውጭ ማልት።»

«አመድ አላለኝም» አለ።

ብርጭቆውን በራሱ እጅ ይዞ ጨረሰው። ከዚያ እናቴን ጠርቶ አጥሚት ጠየቀ። ጠየቀ እኮ! አራት ማንኪያ በላ። እናቴ ጓዳ ገብታ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያለች ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ጨለጥኳት። መጀመሪያ ቸኮላቱ መጣ፤ ግን የከረሜላው ቸኮላት አይደለም፣ ቆልተው ሊያሳርሩት የደረሰ ነገር ነው የሚመስለው። ቀጥሎ የፍሬው ኮምጣጣነት ምላሴን ግራና ቀኝ ያዘኝ። በመጨረሻ አንድ መራራ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ጆሮዬም ሞቀ። የውጭ ማልት እንዲህ ነው እንዴ ብዬ አለፍኩት። ቢራ ቀምሼ አላውቅማ፣ በምን ልለየው?

በማግስቱ ተጨማሪ የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ወደ ሆቴላችን ባርማን ሄድኩ። አገላብጦ አየውና ሳቁን ለቀቀው።

«ጴንጤዋ ተያዘች! አንቺም ጀመርሽው?»

«ምን ጀመርኩ?»

«ይሄ እኮ ስታውት ነው፣ ጥቁር ቢራ። ፍሬና ቸኮላት ጨምረውበት ነው እንጂ ከኛ ቢራ ይጠነክራል። ይኸው» ብሎ ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን የአልኮል መጠን በጥፍሩ አሳየኝ።

ክው አልኩ። እሱ ቀልዱን ቀጥሏል፣ እኔ የምሰማው የለም።

ለምን እንዲህ እንደደነገጥኩ ለማያውቀኝ ሰው ልንገር። አባቴ አናጺ ነበር፤ በልጅነቴ ጠጪ ነበር። ጠጪ ስል ለጨዋታ የሚቀምስ ማለቴ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዓሣ ላብላሽ ብሎ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። አሸዋው ላይ አስቀምጦኝ «መጣሁ» ብሎ ሄደ። አረቄ ቤት ገብቶ እኔን ረሳኝ። ዓሣ ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ፣ አሞራዎቹም ሄዱ። እኔ ከተነሣሁ አያገኘኝም ብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው እየጠየቀ ቤት ያደረሰኝ። አባቴ ከእኔ በኋላ ገባ። ሲያየኝ የሠራውን አስታወሰ መሰለኝ፣ በሩ ላይ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው እሑድ እጄን ይዞ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ሁሉ ፊት አቆመኝ። «ይህቺ ልጅ ምስክሬ ናት» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ ወደ አፌ ብትገባ፣ ዳግመኛ ጥያት እንደሄድኩ ይቆጠርብኝ።» ጉባኤው አሜን አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይህንኑ ሲመሰክር «ምስክሬ» እያለ ይጠራኝና እነሣለሁ። ኮረዳ ሆኜ እንዴት አፍር ነበር! ካገባሁም በኋላ፣ ከወለድኩም በኋላ ተነሥቻለሁ። አንድም ቀን አላፈረሰም። እንግዲህ እኔው ምስክሩ በገዛ እጄ ቀዳሁለት። አፈር በበላሁ!

የቀሩትን ሦስቱን ልደፋቸው ቆርጬ ነው ቤት የገባሁት። ስገባ አባቴ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ከተኛ ወዲህ ቁጭ ሲል ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ጠዋት ምንም አልቀመሰም አለችኝ እናቴ።

«ያ ማልት አለ?» አለኝ።

ምን ልበለው? እውነቱን ብነግረው ብርጭቆውን አይነካም፣ ያንን አውቃለሁ። ብርጭቆውን ብቻ መሰላችሁ? በዚያ አቅሙ ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ ንስሐ ይገባል፣ እንዳፈረ ይሞታል። የለም ብለውም ያቺን አራት ማንኪያ እነሳዋለሁ። ከፈትኩና ቀዳሁ። ብርጭቆውን ተቀበለኝ፣ ግን አልጠጣም። ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር አልኮል የለበትም አይደል?»

«ማልት ነው አባዬ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

መጀመሪያ ቀን ያልኩት ስሕተት ነበር፤ ይሄኛው ግን ውሸት ነው። ሲጠጣው ቆሜ ማየት አልቻልኩም፣ ውኃ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ እግሩን ታሻለች። ያን ቀንም በላ።

ሦስተኛውን የጠጣው አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሊጸልዩለት በመጡ ዕለት ነው። አባቴ እንግዳ ሲያይ በረታ፤ «ይህቺ ልጅ ያመጣችልኝ ማልት ነው ነፍስ የዘራብኝ» እያለ ማውራት ጀመረ። ሽማግሌውም «ጌታ ይባርክሽ! ለመሆኑ ምን ዓይነት ማልት ነው?» አሉኝ። አባቴ ቀበል አድርጎ «በይ ለጋሼም ቅጂላቸው እንጂ» አለ። ወይ ጉድ! «አልቋል ጋሼ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አራተኛው እኮ ጓዳ ተቀምጧል። ሽማግሌው የተንቀጠቀጥኩት ለአባቴ ሰስቼ መስሏቸው ራሴን ዳብሰው ለእኔም ጸለዩልኝ። አቀርቅሬ አሜን አልኩ።

አራተኛውን ለመጠጣት አልደረሰም። ከዚያ ወዲያ ውኃም በጥጥ ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ማለዳ አረፈ።

ሽኝቱ ላይ እኒያው ሽማግሌ ተነሥተው ተናገሩ። «ወንድማችን ቃል ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አንዲት ጠብታ በአፉ አልገባችም» አሉ። ጉባኤው አሜን አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምስክሩም እነሆ ከእኛ ጋር ናት» አሉ። እንደ ልማዴ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ልቅሶው ያዳከመኝ መስሎት በግራም በቀኝም ደገፉኝ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተቀመጥኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ እውነትም ሆዴን ፈጀው። ለስንት ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። እኔንም የነካሁት ሁሉ አመድ አመድ ይለኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ጋ ሄድኩ። ልብሱን እያጣጠፈች ነበር። ሸሚዝ ለማን፣ ካፖርት ለማን እንደሚሰጥ ስንነጋገር ተነሥታ ጓዳ ገባችና አራተኛውን ጠርሙስ ይዛ መጣች። ከዱቄት ጣሳው ጀርባ ነበር የደበቅኩት።

«ክፈቺው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር...»

«ክፈቺው አልኩሽ።»

ከፈትኩ። በዚያው በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁላት። እናቴ በሕይወቷ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም። አንዴ ፉት አለችና ፊቷ ተጨማደደ። ደግማ ቀመሰች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ይሄን ነው ማልት ያልሽው?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ባርማኑን፣ ደቃቁን ጽሑፍ፣ ውሸቴን። እያለቀስኩ ስነግራት አላቋረጠችኝም፤ የአባቴን ሸሚዝ ጭኗ ላይ እያለሰለሰች ሰማችኝ።

«ሽታውን ያወቅሁት ገና መጀመሪያ ቀን ስትከፍቺው ነው» አለችኝ። «ከዚያ ሽታ ጋር ስንት ዓመት ተኝቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«በላ እኮ።» የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈች ጨመረች፤ «አባትሽ ደግሞ ይሄን ማልት ነው ብሎ የሚሳሳት ምላስ አልነበረውም። ውኃ ላምጣ ብለሽ ጓዳ ስትገቢ እኔን ጠራኝ። ብርጭቆውን ይዞ ‹ልጅቷ ማልት ነው ትለኛለች፣ እውነቷን ነው?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ምስክርህ መቼ ዋሽታህ ታውቃለች አልኩት።»

እናቴ ሸሚዙን አስቀመጠች።

«ብርጭቆውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ‹እሷማ አትዋሽም፤ እሷ ማልት ነው ካለች ማልት ነው› አለና ጠጣው።»

ብርጭቆው ውስጥ እናቴ የተወችው ቀርቶ ነበር። አንሥቼ ጠጣሁት። ቸኮላቱም፣ እንጆሪውም፣ መራራውም አንድ በአንድ ለየልኝ፤ አመድ አላለኝም።