በሩሲያኛ የተማርኩት እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛን ጠለቅ አድርጌ የተማርኩት በሩሲያኛ ነው። እንዲህ ስል ሰዎች የተሳሳትኩ ይመስላቸዋል። በአሥራ ስምንት ዓመቴ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ያኔ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ወደነበረችው ሚንስክ ሄጄ ስድስት ዓመት የውኃ ኬሚስትሪ ተማርኩ። የሙያዬን ነገር ሁሉ ያወቅኩት በሩሲያኛ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ተመልሼ ሥራ ስጀምርም በሩሲያኛ እያሰብኩ በአማርኛ ነበር ሪፖርት የምጽፈው። እንግሊዝኛዬ ከሁለቱ ኋላ የቀረ፣ ለደብዳቤና ለስልክ የሚበቃ ያህል ነበር።

ቶሮንቶ የገባሁት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየሁ። ቋሚ ሥራ ያገኘሁት ሬክስዴል፣ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ነው፤ በሁለት ባስና በአንድ ሰብዌይ እመላለስ ነበር። ለላቦራቶሪ ሥራ ባመለከትኩ ቁጥር የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቴ አነስተኛ መሆኑን ይነግሩኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ለባለሙያዎች የሚሰጥ የከፍተኛ እንግሊዝኛ ክፍል ተመዘገብኩ።

አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ ካናዳዊት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም የየቋንቋችንን መዝገበ ቃላት እንድናመጣ ታዘዝን። እቤቴ የነበረችው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ትንሽ ናት፤ የዚያ ክፍል ቃላት አብዛኞቹ የሉባትም። ስለዚህ ከሚንስክ ይዤው የመጣሁትን ወፍራሙን የእንግሊዝኛ ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ተሸክሜ ሄድኩ። አስተማሪዋ እኔን ሳይሆን መጽሐፉን አይተው ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

“ይህ መጽሐፍ የማን ነው?” አሉ በሩሲያኛ፣ ማንንም ሳያዩ።

“የኔ ነው” አልኳቸው በዚያው በሩሲያኛ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። “የት ተማርሽ?”

“ሚንስክ።”

“ያስታውቃል። እንደዚያ አገር ሰው ገ ስትዪ ኸ ትሆንብሻለች” አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

በሩሲያኛ በአክብሮት ነበር ያነጋገሩኝ፤ እስከ መጨረሻውም እንደዚያው ዘለቁ። በአማርኛ ብናወራ ግን በዚያ ዕድሜያቸው አንቺ እንደሚሉኝ ስለማልጠራጠር እዚህ አንቺ አደርገዋለሁ። ሌኒንግራድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የመርከብ ሞተር መሐንዲስ ነበሩ። ሚስታቸው ስትሞትባቸው ሴት ልጃቸውን ተከትለው ካናዳ መጡ። ልጅቱ ግን ለሥራ ቫንኩቨር ሄደች፤ እሳቸው ቀሩ። አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ ማሽን ይጠግናሉ። ቤታቸውም እኔ ያለሁበት ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ያወቅኩት ከክፍል ወጥተን ሕንፃችን ጋ አንድ አሳንሰር ውስጥ ስንገባ ነው።

የተማሩትን ፈሊጥ ሁሉ በትንንሽ ካርድ ላይ ይጽፉ ነበር። በፊቱ እንግሊዝኛው፣ በጀርባው የሩሲያኛ ፍቺው። ካርዶቹን የጫማ ካርቶን ውስጥ እንደ ብሎን በየዓይነታቸው ደርድረዋቸዋል፤ የገንዘብ፣ የሰውነት ክፍል፣ የእንስሳ። አስተማሪዋ በየሳምንቱ አሥር ፈሊጥ ይሰጡናል፤ ሽማግሌው በሳምንቱ አሥሩንም በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ። “አንደር ዘ ዌዘር” የሚለውን የተማርን ዕለት እጃቸውን አወጡ። ቃል በቃል ከአየሩ ሥር መሆን ማለት ነው፤ ፍቺው ትንሽ አመም ማድረግ።

“ከአየሩ በላይ የሚኖር ማን አለና ነው?” ብለው ጠየቁ።

አስተማሪዋ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ የምር ነበር የጠየቁት።

አንድ ቀን እኛስ በአማርኛ ምን እንደምንል ጠየቁኝ። እኛ የምናበዛው ሆድ ነው አልኳቸው፤ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይብሳል፣ ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል። ምንም እንደማይጠቅማቸው እያወቁ በካርድ ጻፉት፤ የሰውነት ክፍሎቹ መሀል ከተቱት። ሌላ ቀን ማጋዚን የሚለውን ቃል አነሳን። በእንግሊዝኛ መጽሔት ነው፤ በሩሲያኛ ሱቅ ነው፤ እኛ ደግሞ መጋዘን የምንለው አለ። አንድ ቃል በሦስት አገር ሦስት ሥራ መያዙ በጣም ደስ አላቸው። እኔም ለአሥራ ምናምን ዓመት ያልተናገርኩት ሩሲያኛ ከእሳቸው ጋር ስቀመጥ ተመለሰልኝ። የሳምንቱን ድካም ሳይቀር በሩሲያኛ ማማረር ጀመርኩ።

በሁለተኛው ክረምት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ ላጥብ ወደ ሎንድሪ ክፍሉ ወረድኩ። ሽማግሌው አንሶላ እያጣጠፉ አገኘኋቸው። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበር መሆን የነበረባቸው።

“ዛሬ በጊዜ ለቀቁኝ” አሉኝ። ፊታቸው ፈክቷል። “አለቃው ቢሮው ጠርቶ አስቀመጠኝ። ሥራ ቀዝቅዟል አለ። ከዚያ ደግሞ ያልተማርነው አነጋገር ተናገረ፤ እንዳይጠፋኝ ጻፍኩት።” ከደረት ኪሳቸው ካርድ አውጥተው ሰጡኝ።

ካርዱ ላይ በጥንቃቄ የጻፉት “ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ” የሚል ነው። በጀርባው በሩሲያኛ “እንዲሄዱ ልንፈቅድልዎ ይገባል፤ በጣም ትሕትና ያለው ፈቃድ” ብለው ተርጉመውታል።

እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። ከብስኩት ፋብሪካው በፊት የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቦታ ስሠራ ለኔም ተብሏል። ከሥራ ማሰናበት ማለት ነው።

“ሌላ ነገር አላለም?” አልኳቸው።

“ወረቀቶች በፖስታ እልክልሃለሁ አለ። የፈቃድ ወረቀት ይሆናል። አመስግኜ የጀመርኩትን ማሽን ገጥሜ ወጣሁ።”

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ለሥራ መባረር በሩሲያኛ ያለው ቃል አጭርና ደረቅ ነው፤ አፌ ድረስ መጣ። እሳቸው የአንሶላውን ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠሙ ነበር።

“ነገ ከመሄድዎ በፊት ቢደውሉላቸውስ?” አልኩ።

“ለምን?”

“እንዲያው ለማረጋገጥ ነው።”

“ስልክ ላይ እንግሊዝኛዬ ይበላሻል” አሉና አንሶላቸውን ታቅፈው ወጡ። እኔ ልብሴን ማሽን ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ክፍል አልመጡም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሰባተኛ ፎቅ ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ከፍተውልኝ ወደ ወጥ ቤት ገቡና ቁጭ አሉ፤ እኔም ሳልጋበዝ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ዓርብ ጠዋት እንደወትሮው ሄደው፣ ቱታቸውን ለብሰው መጋዝ ማሽኑን ፈትተው ነበር። ሠራተኞቹ ያዩዋቸዋል፣ አንዳቸውም አይናገሩም። ኋላ አለቃው ዩክሬናዊ ሠራተኛ ይዞ መጣ፤ ያ ሰው ነው ነገሩን በሩሲያኛ በሁለት ቃል የነገራቸው። የፈቱትን ማሽን መልሰው ሳይገጥሙ አልወጣም ብለው፣ ሁሉም ቆመው እያዩ ገጥመው ወጡ።

“ሐሙስ ዕለት አውቀሽ ነበር?” አሉኝ።

“አውቄ ነበር።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ደስ ብሎዎት ስለነበር።”

“ሞተር ሲሰነጠቅ፣ ካፒቴኑ ደስ ብሎታልና ነገ ይነገረው አይባልም። ሰዎች ፊት ቆሜ ከምሰማው፣ ካንቺ ብሰማው ይሻለኝ ነበር።”

ይቅርታ አልኳቸው። ይቅርታውን ተቀበልኩም አልተቀበልኩም ሳይሉ ተነስተው ሻይ አፈሉ።

ሻዩን ስንጠጣ ካርቶናቸውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “ሌሊቱን ሁሉንም አየኋቸው። ከአራት መቶ በላይ ናቸው። ‘ሌት’ የሚል አንድም የለም። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ግን ሌት ብቻውን አንድ ገጽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የማላውቀው ትልልቁን ሳይሆን ትንንሹን ነው።”

ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሳቸው ወጥ ቤት መቀመጥ ያዝን። ሌት፣ ጌት፣ ፑት፣ ቴክ፤ ሕፃን የሚያውቃቸው ቃላት። እኔ በሳምንቱ ፋብሪካ ውስጥ ሱፐርቫይዘሮቹ የሚናገሩትን፣ ያልገባኝን ሁሉ፣ በብስኩት ካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፍኩ አመጣለሁ። “ፑት አፕ ዊዝ” መታገስ ነው። “ፑት ኦፍ” ማዘግየት ነው። “ፑት ዳውን” ማስቀመጥም ነው፣ ሰውን ማዋረድም ነው፣ የታመመ ውሻን በመርፌ መግደልም ነው። ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። “በአንድ ቃል ሦስቱን?” አሉ። አዎ አልኳቸው። የዚያን ቀን ትምህርት እዚያ ላይ አቆሙት።

ለአስተማሪዋ የሆነውን ነገርኳቸው። ፈሊጦቹን አልተዉም፤ ግን ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በሳምንቱ ሥራ ቦታ ሰምተን ላልገቡን ነገሮች ሰጡን። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ ጫጫታ የሚበዛበት ሰዓት እሱ ሆነ።

ሽማግሌው አራት ወር ያህል ሥራ ፈተው ቆዩ። ቀጥሎ ያገኙት ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ፣ ያረጀ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ የማሞቂያ ቦይለር መቆጣጠር ነው። ለቃለ መጠይቁ ሁለት እሑድ ሙሉ ተዘጋጀን። እንደነገሩኝ ከሆነ ግን ጥያቄው ብዙም አልሄደም። በግድግዳው በኩል የቦይለሩን ድምፅ ሰምተው፣ “ፓምፑ አየር እየሳበ ነው” አሉ። አሠሪዎቹ ወርደው ሲያዩት እሳቸው እንዳሉት ነበር፤ በበነጋው ጀመሩ። ያጠናናቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንዱንም ስላልተናገሯቸው ቅር ብሏቸው ነበር።

እኔ ፈተናውን በሁለተኛ ሙከራ አለፍኩ። ውጤቱ የሚያስፎክር አይደለም፤ ግን በቃኝ። አንድ የግል የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ ናሙና ተቀባይ አድርጎ ቀጠረኝ፤ በሦስተኛው ዓመት ወደ ምርመራው ክፍል አሳለፈኝ። እኔም ኤግሊንተን ዌስት ቤት ተከራይቼ ከፍሌሚንግደን ፓርክ ወጣሁ። የአዲሱ የባቡር መስመር ቁፋሮ ተጀምሮ መንገዱ ሁሉ በአጥር በታጠረበት ጊዜ፣ አንድ እሑድ ሽማግሌው ሊጠይቁኝ መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ ዘገዩ። ባሱ ዞሮ ዞሮ የማያውቁት ቦታ ጥሏቸዋል። በሩን ስከፍት ቁጣቸውን በእንግሊዝኛ ጀመሩ፤ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ምልክቶቹ፣ ስለ አቧራው። ሳያቋርጡ፣ ቃል ሳይፈልጉ፣ ኮታቸውን እያወለቁ አወሩ። ሲጨርሱ በሩሲያኛ ሻይ እንዳለ ጠየቁኝ።

በተከታዩ ዓመት ጡረታ ወጥተው ቫንኩቨር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ዕቃ ሲያሰናዱ ረዳኋቸው፤ መፍቻዎቻቸውን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ሣጥን ውስጥ ደረደርኩ። ለተወሰነ ጊዜ በየበዓሉ ይደውሉ ነበር። ሩሲያኛዬ እንደገና እየዛገ መሆኑን እየነገሩ በስልክ ያርሙኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ።