ኮተቤ «አይ» አለው የለውም?

«አቤል፣ በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ አይተኸዋል?»

የኮሌጃችን ሬጅስትራር ወይዘሮ አልማዝ ናቸው፤ እኔ የኮምፒውተር ባለሙያው ነኝ። ሰልፉን ማየት ቀርቶ ከስክሪኑ ቀና ማለትም ፈርቻለሁ።

ዛሬ የምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነው። ጠዋት ኮተቤ መብራት ሄዶ መጣ፤ የምዝገባው ሰርቨር ግን አብሮት አልመጣም።

ይሄ ሰርቨር በሆዱ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይዟል። ሲነሳ የፓይተን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የተቀመጡ የኮድ ስብስቦች፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳሉ ካልተነገረው አይሠራም። «ላይብረሪው የለም» ይለኛል። ላይብረሪው ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሏል!

ወይዘሮ አልማዝ በየአምስት ደቂቃው በሩን ይከፍታሉ። መብራት ድጋሚ ከሄደ አለቀልኝ። (ጄኔሬተር አለን፤ ለፎቶ።)

ከሁለት ሰዓት በኋላ አየሁት። ባለፈው ሳምንት ላይብረሪዎቹን ወደ አዲስ ፎልደር ያዛወርኩት እኔው ነኝ። ፎልደሩን በሰፈራችን ስም ስሰይም ኮተቤን በእንግሊዝኛ «አይ» የሚለውን ፊደል ጨምሬ ጻፍኩ፤ ለሰርቨሩ አድራሻውን ስነግረው ደግሞ ያለ «አይ»። ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ማንም አላወቀም።

አስተካከልኩት። ተነሳ። እፎይ ብዬ ወደ ምዝገባው መስኮት ሄድኩ።

የሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመችው ልጅ ከእንጦጦ በጠዋት የወረደች ናት። ወይዘሮ አልማዝ ወረቀቷን መለሱላት።

«ፀሐይ የሚለው ስምሽ በእንግሊዝኛ መታወቂያሽ ላይ መጨረሻው «ኢ» አለው፣ ትራንስክሪፕትሽ ላይ የለውም። ቀበሌ ሄደሽ አስተካክለሽ ነይ።»

አፌን ስከፍት ልጅቷ ወደ ታክሲ እየሮጠች ነበር።

ለሁለቱ ኮተቤዎቼ ሁለት ሰዓት ተጠብቄያለሁ። እሷን ግን ለሁለቱ ፀሐዮቿ ማንም ሁለት ደቂቃ አልጠበቃትም።

እናንተስ፣ በእንግሊዝኛ ስንት ሰው ናችሁ?