የታሸገችው ቱቦ

ሁልጊዜ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሲነሳ፣ ሰውዬው ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንዲት የታሸገች የመስታወት ቱቦ አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ያያታል። ውስጧ ጥፍር የምታህል ወርቃማ ቁራጭ አለች። የሸሚዙ ኮሌታ ተገልብጦ የተሰፋ ነው፤ እጅጌው ላይ የትናንት ጠመኔ አልተራገፈም።

ዛሬ አጠገቡ የተቀመጡት እናት አላስቻላቸውም።

«ወርቅ ነው እንዴ ልጄ?»

«አይደለም እማማ። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ነው። ንብርብር ስለሆነ በመሃል በመሃሉ የካልሲየም አቶም አስገባሁበት፤ መልኩ ተለወጠ።»

«ለምን ይሆንሃል?»

«በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ምንም ሳይባክን ያልፍበታል።»

«ታዲያ ምነው ወደ ቆላ ይዘኸው ትወርዳለህ? ወላሂ፣ ከደሴ ብርድ ወዲያ ምን ፈልገህ ነው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት ዲግሪ እንደሚያስፈልግ፣ እስከዚያ የሚያቀዘቅዘው ማሽን ውጭ አገር እንዳለና እሱም ተራ እንደያዘ፣ ድምፁን ሳይለውጥ ነገራቸው። ከስድስት ዓመት ሥራ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት። አየር ከገባባት ትጠቁራለች።

ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፤ ሚኒባሱ በሙሉ «አሚን» አለ። እሱም «አሚን» አለና ቱቦዋን እንደገና ወደ ብርሃኑ አነሳት። በቁራጯ ጠርዝ ላይ ትናንት ያልነበረች፣ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ወጥታለች። መልሶ ኪሱ ከተታት።

የማሽኑ ተራ የሚደርሰው ጥር ላይ ነው። ዛሬ ጥቅምት አራት ነው።