ወንድሜ የላካቸው የቀኝ መሪ ዕቃዎች

እንግሊዝ ሠራሽ አሮጌ የስፖርት መኪና ባለቤቱን መንገድ ላይ እየጣለ ያዋርዳል ይባላል። ሐሰት ነው። የእኔ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ለመጣል መጀመሪያ መንገድ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ የእኔ መኪና ግን እምቢ የሚለው ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ካለው ቤቴ ጋራዥ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳያይ፣ በጨዋ ደንብ ነው። እኔም ኮፈኑን ከድኜ፣ እጄን ታጥቤ፣ አምራ የማታውቀውን ግን እምቢ ብላ የማታውቀውን የጃፓን መኪናዬን አስነስቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

የገዛሁት በፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስድስት፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ካለችው ኦበርን ከተማ ከሚኖር ጡረተኛ ፈረንጅ ነው። ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ። ሰውየው ቁልፉን ሲያስረክበኝ ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ ልብ ማለት ነበረብኝ። ልብ አላልኩም። ሐሳቤ ለንደን ነበር።

ለንደን ውስጥ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ አለ። ልጅ እያለሁ ይህንኑ መኪና ከአሮጌ መጽሔት ላይ ቆርጦ ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አባታችን እንዳያየው ለጥፎት ነበር። በኋላ መኪናው የተሠራበት አገር ድረስ ሄደ፤ ሄዶ የሚነዳው ግን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሆነ። ከእኔ ጋር ለዓመታት የነበረን የስልክ ወሬ እንዲህ ነበር፦ ሰላም ነህ? ሰላም ነኝ። ልጆች? ደህና። ብርዱ? አለ። በል ደህና ሁን።

መኪናውን የገዛሁ ዕለት ደውዬ ነገርኩት። ከዚያ፣ «ሞተሩን አስነሳና ስልኩን አስጠጋልኝ» አለኝ። አስጠጋሁለት። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ጡረታ የወጣሁ ቀን ሲያትል መጥቼ እነዳዋለሁ» አለ። «እስከዚያ ጠብቅልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ ጋ ረፋድ እሱ ጋ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እናወራ ጀመር። በጉልምስናዬ ወንድም አገኘሁ ብል ማጋነን አይሆንም። መኪናውን የያዝኩት ለዚህ ነው፤ ስለ ፍጥነት የምናገረው ሁሉ ማስመሰል ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ መሪው ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። እንደ ወሬ ያህል ነገርኩት። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ «አንዲት እናት ወደ እናንተ እየመጡ ነው፤ ዕቃ ይዘውልሃል» አለኝ። የእኛ ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር ከሻንጣው ግማሹ የሌላ ሰው ነው። የማናውቀው ሰው መድኃኒት፣ የማናውቀው ሕፃን የክርስትና ልብስ እንሸከማለን፤ «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሴትዮዋም አልጠየቁም ነበር። የጠየቃቸው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ፈታሽ ነው።

«የመኪናው ልጅ አንተ ነህ?» አሉኝ ዕቃውን ልቀበል ስሄድ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«ነኝ እማማ፤ እንኳን ደህና መጡ።»

«ጋቢ ውስጥ የጠቀለላችሁት ምንድን ነው? ፖሊሱ አስፈትቶ እሱን ያያል እኔን ያያል፣ እሱን ያያል እኔን ያያል። የሰው እግር መስሎት እንደሆነ እንጃ።»

«የመኪና መሪ ዕቃ ነው።»

«እዚህ አገር መኪና የለም?»

 

ጋቢውን ይዤ ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ወዳለው መካኒክ ጓደኛዬ ሄድኩ። ፈታው፤ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጠው፤ ከዚያ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ይስቅ ጀመር።

«ይሄ እኮ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና ነው! እንግሊዞች በግራ ነው የሚነዱት፤ ረሳኸው? ሶ ምን ላድርገው? መኪናህን ገልብጬ ላስገባው?»

«ሌላ እዚሁ ፈልግልኝ።»

«ኦኬ፣ እፈልጋለሁ። ግን ወንድምህን ኮል አድርግና ንገረው። ነገ ደሞ ሌላ ይልካል።»

ልነግረው ነበር። ቅዳሜ ስደውል ግን ቀደመኝ። በዕረፍት ቀኑ በባቡር ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ የተሰባበሩ መኪኖች የሚከመሩበት ሜዳ ገብቶ፣ በዝናብ ከመኪና ሥር ተኝቶ ራሱ እንደፈታው፣ አውራ ጣቱን ብረት ተልትሎት እንደተሰፋ እየሳቀ አጫወተኝ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

«ገጠመ?» አለኝ።

«ልክክ አለ፣ ጋሼ» አልኩት።

አንባቢ የቀረውን ይገምታል። የዝናብ መጥረጊያውን ክንዶች ላከ፤ እነሱም ወደ ተቃራኒ የሚጠርጉ ናቸው። የፊት መብራቶች ላከ፤ ብርሃናቸው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚያጠፋ። አንድ ጊዜ ሙሉ ዳሽቦርድ በሦስት ተጓዦች ከፋፍሎ ላከ፤ ሦስቱን ለመሰብሰብ ሦስት ቤተሰብ ቤት ምሳ በላሁ። ትክክለኛውን ዕቃ እዚሁ አሜሪካ እየገዛሁ አስገጥማለሁ፤ እሱ የላከውን ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ እንዴት እንደገጠመ፣ ድምፁ እንዴት እንዳማረ እተርክለታለሁ። ውሸቱ ከዓመት ዓመት እየተዋበ ሄደ። መካኒኩ፣ «አንተ ሁለት መኪና ነው ያለህ፤ አንዱ አይነሳም፣ ሌላው አልተገጣጠመም» ይለኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከውም የሚለኝ ሰው ታላቅ ወንድም የለውም።

በዚህ መሃል ሁለተኛ በሽታ ያዘኝ። የቅዳሜውን ሰዓት የሚሞላ ወሬ እንዳይጠፋ ብዬ፣ ስለ እሱ አገር እንዳውቅ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦችን ማንበብ ጀመርኩ። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ የምሳ ሰዓቴን በዚያ አሳልፍ ነበር። ለወሬ የጀመርኩት ነገር ንዴት ሆኖ አረፈው። ታክሜበት በማላውቀው ሆስፒታል፣ ልጆቼ ባልተማሩበት ዩኒቨርሲቲ፣ በማልሳፈርበት ባቡር ደሜ ይፈላል። ምክር ቤታቸው ውስጥ ማን ምን ብሎ ቃሉን እንዳጠፈ በቃሌ እወጣዋለሁ። የሲያትልን ከንቲባ ስም ግን ሲጠይቁኝ ትንሽ ማሰብ ያስፈልገኝ ነበር። ቅዳሜ ግማሹ ሰዓት ለመኪናው፣ ግማሹ ለእኔ ንዴት ሆነ። «ሌቦች ናቸው፣ ጋሼ። ሁሉም አንድ ናቸው። የሚንቁህ ሰዎች ናቸው የሚገዙህ» እለዋለሁ። እሱ «እህ» ይላል። እንደገና «እህ»። የተስማማ መሰለኝ።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ሰኔ እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ ብለው ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ የታወቀበት ቀን ማግስት ቅዳሜ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ አገርህ ጨርቋን ጣለች!»

«ምን ሆነች?»

«እንውጣ አሉ እኮ! የአንተም ድምፅ ባከነ።»

«አልባከነም» አለ። «እንውጣ ነው ያልኩት።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም።

«አንተ? ስደተኛው?»

«ስደተኛ አንተ ነህ። እኔ ሹፌር ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማለትማ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ስነዳ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አሁን ጠየቁኝ፤ መለስኩ።»

«ለዚህ ብለህ አገር ታፈርሳለህ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስታፈርሳት የከረምከው አንተ አይደለህ? ሌቦች ናቸው አልከኝ። ይንቁሃል አልከኝ። አሥር ዓመት ሰማሁህ። የተማርከው አንተ ነህ ብዬ አመንኩህ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ብዙ ያነበበ ሰው ግን ሲሸነፍ ዝም አይልም፤ ያገኘውን ያነሳል። እኔ ያገኘሁት መደርደሪያውን ነው።

«እንግዲያው የመረጥከው ነገር እንደምትልከው ዕቃ ነው» አልኩት። «አይገጥምም! አንድም ቀን ገጥሞ አያውቅም!»

«ምኑ?»

«ዕቃው። የአንተ አገር መሪ በቀኝ ነው፣ የእኔ በግራ ነው።»

የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«የትኛው ነው ያልገጠመው?»

«ሁሉም።»

«ዳሽቦርዱም?»

«እሱም።»

«ያን ጊዜ እናትዬዋ የተሸከሙትስ?»

«እሱም ጋሼ።»

«እሺ» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። «እኔን ተወኝ። እሳቸውን ግን በእርጅናቸው ብረት አሸከምናቸው።» ከዚያ ስልኩን ዘጋ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ አነሳ፤ ትሕትናው አልተጓደለም። «ምንም አይደለም» አለኝ። ለምን እንውጣ እንዳለ እንደገና ስጠይቀው አንዴ በሰፈሩ ስለተዘጋ ጤና ጣቢያ፣ አንዴ ስለ ደመወዝ ነገረኝ። በመጨረሻው ደግሞ፣ «እኔ እንጃ፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበር» አለኝ። የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ቅዳሜ የሚባለው ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ።

እሱ ምርጫውን፣ እኔ ዕቃውን በዝምታ ደበቅን፤ ስለዚህ እኩል ነን የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። በጣም ስለሚያምር አላምነውም። እሱ አልደበቀም፤ እኔ ነኝ ሳልጠይቀው የኖርኩት። በዚያ ላይ በጉዳዩ አሁንም ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ጋዜጦቹን እስከ ዛሬ አነባለሁ። ምክር ቤቱ እንውጣ ብሎ ተነስቶ የመውጫውን በር ሁሉ እምቢ ሲል እያየሁ እናደዳለሁ፤ ግን ንዴቴን የማካፍለው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን የምናደደው በእነሱ ይሁን በእሱ ይሁን በራሴ መለየት ያቅተኛል። መካኒኩን ባማክረው፣ «ፖለቲካ ፊክስ አላደርግም» አለኝ።

በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ወንድሜ ጡረታ ወጣ። የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ከለንደን የመጣ ሰው ነው። መኪናው ያን በጋ፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ ያለ አንድ ቅሬታ ይነሳ ነበር። ጠብቅልኝ ባለኝ መሠረት ጠብቄያለሁ። አልመጣም። ና ለማለት ስልክ አንስቼ ስለ ብርዱ ጠይቄው ዘጋሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለትምህርት ከለንደን የመጣች ልጅ ስሜን ጠርታ ትንሽ ካርቶን ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። ስድስት አዳዲስ ካንዴላ፣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭሩት። ካንዴላ ቀኝና ግራ የለውም፤ መሪው በየትኛውም በኩል ቢሆን ለዚያ ሞተር ይገጥማል።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ምንም። ስጪው ብቻ ነው ያሉኝ፣ ጋሼ።»

«ሲሰጥሽ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ! ሽማግሌ ነዋ የሚመስሉት» አለች፣ እየሳቀች።

ይኸው አራት ቀን ሆነኝ። እርቅ ይሁን ስድብ አላወቅሁም። ምናልባት፣ «እንግዲህ በዚህ እንኳ ልትዋሸኝ አትችልም» ማለቱ ነው። ምናልባት ሊመጣ አስቦ መኪናውን እንዳሰናዳው ነው። ካንዴላዎቹን አስገብቻቸዋለሁ፤ ሞተሩ እንደዚህ ጥርት ብሎ ሠርቶ አያውቅም። ይህን ደውዬ ብነግረው ግን አሥር ዓመት በየቅዳሜው ስነግረው የኖርኩት ያንኑ ነው፤ በምን ያምነኛል? ዝም ብል ደግሞ አልደረሰውም ይላል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ያላችሁ ሰዎች፦ ስለ ይቅርታ አትስበኩኝ፤ ስለ አውሮፓም አስተያየታችሁን አልፈልግም። ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የምለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ። ከቅዳሜ በፊት ይድረሰኝ።