«ተኮሱ» የምትል አንዲት ቃል

ፖሊስ ጣቢያ በጸሐፊነት የገባሁ ዕለት አለቃዬ መቶ አለቃው፣ «ከዚህ በፊት ምን ጽፈህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ልብ ወለድ፣ ጌታዬ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ጥሩ ነው፤ እዚህም ሰው ይዞልን የሚመጣው እሱኑ ነው» አሉ። ግማሽ ፊደሉ የሚጣበቅ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ እሽግ ካርቦንና አንድ የጣት ማተሚያ ቀለም አስፈርመው አስረከቡኝ።

ጣቢያው ከዲላ ብዙም አይርቅም። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጣቢያው አልነበረም። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ጭሰኛ ገና ጭሰኛ በነበረበት።

ሥራዬ የከሳሽ፣ የተከሳሽና የምስክር ቃል መቀበል ነበር። ሰውዬው ይናገራል፣ በእጄ እጽፋለሁ፣ አነብለታለሁ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ያትማል። ከዚያ በመኪና ሦስት ቅጂ እመታለሁ። አብዛኛው ባለጉዳይ የጌዴኦ ገበሬ ነው። አማርኛ የለመደው ከገበያ፣ ከችሎትና ከባለመሬት ደጅ ነው።

እሑድ እሑድ ደግሞ መጽሐፌን እጽፋለሁ። ስለ አንድ ሽፍታ ነው፤ ተኩስ የሌለበት ምዕራፍ አልነበረውም። እኔ ራሴ ቃታ ስቤ አላውቅም። ለሠርግ ከሚተኮሰው በቀር ተኩስ የሰማሁበትም ቀን ትዝ አይለኝም። ይህ ግን ምንም አላሳሰበኝም ነበር፤ ወጣት ነበርኩ።

የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አሥር አለቃ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዘምተው፣ ቆስለው የተመለሱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ረቂቄን ሰጠኋቸው። ጣታቸውን እያጠፉ አነበቡት። ለካስ የሚቆጥሩት ጥይት ነው።

«ይህ ሰውህ የያዘው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ምንሽር ነው።»

«ምንሽር አምስት ነው የሚጎርሰው። ያንተ ሰው አሥራ ሰባት ተኩሷል። መቼ ነው ያጎረሰው?»

«ጀግና ነው እኮ፣ አሥር አለቃ።»

«እሱ ጀግና ይሁን። ጠመንጃው ግን ይህን አያውቅለትም» አሉ። ገጹን ገለጡ። «ደግሞ እየተኮሰ ግማሽ ገጽ ፎክሯል። ማን ሰማው? የመጀመሪያዋ ጥይት የሁሉንም ጆሮ ደፍናዋለች። ስማ ልጄ፣ ተኩስ አጭር ነው፤ ረጅሙ ፍርሃቱ ነው። አፍህ ይደርቃል፣ እጅህ ወገብህ ላይ ያለውን ዝናር ፈልጎ ያጣዋል። ማን ከየት እንደተኮሰ የምታውቀው ነገሩ አብቅቶ ቀለህ ስትለቅም ነው።»

መጽሐፍ የማያነብ ሰው ስለ መጽሐፍ ምን ያውቃል ብዬ በሆዴ ናቅኳቸው። ረቂቁንም አላረምኩትም።

በዚያው ዓመት፣ ቡና በሚለቀምበት ወር፣ ከኢዲዶ መንደር ነገር መጣ። ግራዝማች ይመኑ የሚባሉ ባለመሬት ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ጣቢያ ገቡ። ጭሰኛዬ ጂግሶ ተኩሶ ከበቅሎ ጣለኝ አሉ። ጂግሶ የዚያኑ ዕለት ተያዘ፤ ከጎጆው ግድግዳ የወረደ አንድ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃም አብሮት ተያዘ። ክሱ የመግደል ሙከራ ነው፤ ከተፈረደበት ብዙ ዓመት ነው የሚጠብቀው። ሚስቱንና አራት ልጆቹን፣ ዛፉ ላይ የቀላ ቡናውንም እንዳለ ጥሎ ነው የገባው።

ምስክሩ ዱካሌ የሚባል ጎረቤቱ ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ጊዜው ጸሐፊ ሁሉ አንተ አልኩት፣ እሱ ጌታዬ አለኝ። የተናገረው ይህንን ብቻ ነው፦ «ግራዝማች መጡ። ጂግሶ ከቤት ወጣ። ተኮሱ። ወደቁ። በቅሎ ሮጠ።»

እስቲ አስቡት። የሁለት ሰው ስም ተጠርቶ «ተኮሱ» ተባለ። እሑድ እሑድ ስፈልገው የኖርኩት ነገር በእግሩ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። ጮቤ ረገጥኩ። «ተኮሱ» የምትለዋን «ተታኮሱ» አደረግኳት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ከሁለቱም ወገን ጥይት እንደ በረዶ ወረደ፤ ጂግሶ ግንድ ተከልሎ ደጋግሞ ተኮሰ፤ የኢዲዶ ሸለቆ አስተጋባ። በቅሎዋ ብቻዋን አንድ አንቀጽ ወሰደች።

ለዱካሌ አነበብኩለት። ፈጥኜ ነው ያነበብኩት። «ልክ ነው?» አልኩት። «ልክ ነው፣ ጌታዬ» ብሎ አውራ ጣቱን አተመ። ጣቢያ ገብቶ ልክ አይደለም የሚል ገበሬ እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

መቶ አለቃው ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እንዲህ ያለ ቃል ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጂግሶም በዚሁ ቃል ወደ ዲላ ተላከና ታስሮ ቀጠሮውን ይጠብቅ ጀመር። ውጅግራውን ማንም አልመረመረውም። ቃሉ ይህን ያህል ያምር ነበር።

ቀጠሮው ሊደርስ ሲል አሥር አለቃ ደምሴ ውጅግራውን ለኤግዚቢትነት ሊያዘጋጁ አወጡትና ጠሩኝ። መዝጊያውን ከፍተው «ና፣ በዚህ አጮልቅ» አሉኝ። አጮለቅኩ፤ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቀጭን ሽቦ ሰደው ጎረጎሩት። ደረቅ ጭቃ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። አፈ ሙዙ ውስጥ የጭቃ ተርብ ቤቱን ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ከብዶ ሄዷል።

«ይህ ጠመንጃ ከተተኮሰ ስንት ዘመኑ ነው» አሉ። «ቢተኮስስ፣ ውጅግራ አንድ ነው የሚጎርሰው። ያንተ ጂግሶ ደጋግሞ የተኮሰው በምንድን ነው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ብዕር ነበር ያመለጠው፤ ያወቅኩትም ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ወደ ኢዲዶ ወጣሁ። ዱካሌን ቡና ሲያሰጣ አገኘሁት።

«ተኮሱ ያልከኝ እነማን ናቸው?» አልኩት።

«ግራዝማች።»

«ግራዝማችና ማን?»

«ግራዝማች ብቻ፣ ጌታዬ። ሰው ሊያስፈራሩ ወደ ሰማይ ተኮሱ። በቅሎ ደነገጠ። ወደቁ።»

«ታዲያ ተኮሰ፣ ወደቀ አትልም ነበር?»

ዱካሌ ከቡናው ቀና ብሎ አየኝ። «ትልቅ ሰው ወደቀ ይባላል ወይ? ልጅ ሆኜ የግራዝማችን አባት ‹መጣ› ብዬ ተገርፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ መጡ ነው የምለው፣ በሉ ነው የምለው። ተኮሱም ነው የምለው።»

አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ሰዋስውም ተምሬበታለሁ። አንቱታን ከብዙ ቁጥር እንድለይ ያስተማረኝ ግን በአማርኛ ምክንያት የተገረፈ ሰው ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለመቶ አለቃው ነገርኳቸው። «ሰውዬው ጣቱን አትሟል» አሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማህም? እንጀራህን የምትወድ ከሆነ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።» እንጀራዬን እወድ ነበር። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሦስቱንም ቀን ጂግሶ ታስሮ ዋለ፣ ታስሮ አደረ።

የቀጠሮው ዕለት መዝገቡን ተሸክሜ ዲላ ችሎት ገባሁ። ዳኛው የዱካሌን ቃል ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። «ግንድ ተከልሎ» ከሚለው ሲደርሱ እጄን አወጣሁ።

«ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህን ምስክሩ አላለም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጥይት ከየት መጣ?»

«ከእኔ ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ጂግሶ አልሳቀም፤ አስተርጓሚው ገና አልደረሰለትም ነበር።

ዱካሌ በገዛ ቋንቋው፣ በአስተርጓሚ፣ እንደገና ተጠየቀ። አሥር አለቃ ደምሴም ውጅግራውን አቅርበው ከውስጡ የቀረውን ጭቃ ዳኛው ፊት አረገፉት። ጂግሶ በነጻ ተለቀቀ። ግራዝማችን በሐሰት ስለመክሰሳቸው የጠየቃቸው የለም። ጂግሶ በታሰረበት ጊዜ ቡናውን ለራሳቸው ያስለቀሙትም እሳቸው ነበሩ።

ይቅርታ ልጠይቀው ከደጅ ጠበቅኩት። ይቅርታዬን ሰማና በገበያ አማርኛው «ያንን የጻፍከውን አንብብልኝ» አለ። ቅጂው በእጄ ነበር፤ ቀስ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። በረዶውን፣ ግንዱን፣ ሸለቆውን ሁሉ አዳመጠ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ።

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ተኩሼ አንዱም ግራዝማችን አላገኘውም?»

«አላገኛቸውም» አልኩ።

ጂግሶ አየኝ። «አንተው ራስህ አንቱ በለው» አለኝና የኢዲዶን መንገድ ያዘ።

እኔ ወደ ደጋው ቡሌ ተዛወርኩ። ለጤናህ ይስማማሃል አሉኝ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚያ ሆኜ መጽሐፌን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። በጠቅላላው ሁለት ጥይት ቀረበት፤ አንዷም ከሸፈች። ያሳተመልኝ ሰው ተኩሱ አነሰ ብሎ ተከራከረኝ። እስከ ጡረታዬ ሌላም ጽፌያለሁ፤ ሁልጊዜ የሚሉኝ ይህንኑ ነው።

ተኩስ ለምትጽፉ ወጣቶች የምላችሁ ይህ ነው። ጥይት ከመቁጠራችሁ በፊት የተኮሰውን ሰው ቁጠሩ። ያየ ሰው ካለ ጠይቁት፤ ልክ አይደለም ማለት እንደሚችልም ንገሩት።